ሁለት መሐመድ፣ አንድ መስመር

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የእህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን የደወለችልኝ ስልክ ነው። ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነበር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላ፣ በተከታዩ ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ፣ ብዙ የይፋት ሰው ከቤት ንብረቱ ተፈናቅሎ የነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ሆና በበጎ ፈቃድ የተፈናቃዮችን ስም ትመዘግብ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ሁለት መዝገብ አለኝ። አንደኛው እኛ ራሳችን የሞላነው ነው፤ ሌላው ከቀበሌዎቹ የመጣ ነው። አንድ ላይ አድርጊያቸው አሉኝ፤ አደረግሁ። አሁን ኮምፒዩተሩ የተደጋገሙትን ላጥፋልሽ ወይ ይለኛል። አዎ ልበለው?»

ዝም አልሁ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሁለት ጊዜ «ሃሎ!» አለች። ለእሷ ጉዳዩ አንድ ቁልፍ የመጫን ያለመጫን ጉዳይ ነበር። ለእኔ ግን የሠላሳ ስድስት ዓመት ዕዳ ነው። ስለ ዕዳው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

ሸዋ ሮቢትን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነውና። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ሲወጡ ደጋው እንደ ግድግዳ ይቆረጥና መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ካፖርቱን፣ አርማንያ ላይ ሹራቡን ያወለቀ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ሽንኩርት፣ ማሽላ፣ ማሾና ትምባሆ የሚበቅልባት ሞቃት ከተማ ናት። ስሟ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው እስር ቤቷ ነው፤ እኔ ትዝ የሚለኝ ገበያዋ ነው። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ከበረሃው በኩል ግመሉን እየነዳ የሚመጣው አፋር እዚያ ይገናኛል። ይፋት የወላስማ ሱልጣኖች መቀመጫ የነበረ ሀገር ነው፤ እስልምና በዚያ ቆላ ሥር ከሰደደ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህም መሐመድ፣ አሕመድ፣ ሰይድ፣ አሊ፣ ሐሰን፣ ይማም የሚባል ስም የሌለበት መንደር የለም። ክርስቲያኑም ቢሆን ከከበደ፣ ከታደሰና ከጌታቸው ብዙም አይርቅም። እንደምናውቀው በሀገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ግድ ሲሆን አያት ይታከላል። ይህን አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ጥቂት ቆይተን እንመለስበታለን።

በ1974 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ተቀጠርሁ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ማለት ዛሬ ልጆች ጭናቸው ላይ የሚያስቀምጡት ዕቃ አልነበረም። ሜይንፍሬም ይባላል፤ አንድ ክፍል ይሞላል፤ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል። የቆላ ልጅ ነኝና ከመሣሪያው ይልቅ አጥብቄ የማስታውሰው ብርዱን ነው። በከተማው እንዲህ ያለ መሣሪያ የነበራቸው መሥሪያ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መዝገቡ በትልልቅ የቴፕ ጥቅልሎች ላይ ይቀመጣል፤ ትእዛዙ ደግሞ መስመር በመስመር ተጽፎ ይገባል። አንድ ፊደል ብትስት መሣሪያው ሥራውን አቁሞ ስሕተትህን በወረቀት ያትምልሃል። የሀገራችንን ፊደል አያውቅም። አለቃን እንጂ ሰውን አይፈራም ነበር የምንለው፤ ቀልዳችን ነው።

ከትእዛዞቹ ሁሉ እኔ የምወደው «መርጅ» የሚባለውን ነበር። ሥራው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ መዝገቦችን አንድ ማድረግ ነው። ዘዴውን የደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የቆመ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ሁለት ሰልፍ አለ እንበል፤ በሁለቱም ሰዎች በቁመታቸው፣ ከአጭር ወደ ረጅም ቆመዋል። አንድ ሰልፍ አድርጋቸው ብትባል ሁሉንም በትነህ እንደገና መለካት አያስፈልግህም። ከየሰልፉ ፊት የቆሙትን ሁለቱን ብቻ ታያለህ፤ አጭሩን ታሳልፋለህ፤ ከኋላው የነበረው ወደ ፊት ይመጣል፤ እንደገና ሁለቱን ታያለህ። እንዲህ እያልህ ሺህ ሰውም ሆነ መቶ ሺህ ሰው፣ ዐይንህን ከሁለት ሰው በላይ ሳታሳርፍ አንድ የተስተካከለ ሰልፍ ታወጣለህ። ነገሩ ከኮምፒዩተርም ይቀድማል። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1937 ለአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሥራ ሁለት የካርድ ክምሮችን የሚያዋሕድ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ ጆን ፎን ኖይማን የተባለው የሒሳብ ሊቅ ገና ተሠርቶ ላላለቀ ኮምፒዩተር ከጻፋቸው ፕሮግራሞች አንዱ ይኸው ማዋሐድ ነው።

ትእዛዙ አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ነው። የሚዋሐዱት መዝገቦች ሁሉ አስቀድመው በአንድ ዓይነት ተራ የተደረደሩ መሆን አለባቸው። በአንዱ መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ከተራው ወጥቶ ቢያገኝ «ይህ መዝገብ ተራውን ስቷል» ብሎ ሥራውን ያቆማል። አንድ ጊዜ ከሌላ ዓይነት ማሽን የመጣ ቴፕ ይዘን ሌሊቱን ሙሉ ተሟግተናል። በዚያኛው ማሽን ቁጥር ከፊደል ይቀድማል፤ በእኛ ማሽን ፊደል ከቁጥር ይቀድማል። ሁለቱም የተደረደሩ ናቸው፤ ተራቸው ግን አንድ አይደለም።

ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ሰዎች ፊት ለፊት ቢገጣጠሙስ? መርጅ ሁለቱንም ያሳልፋል፤ አንዱን አስቀድሞ፣ ሌላውን አስከትሎ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ውሃ አንድ ላይ ቢቀዳ የትኛው ጠብታ የየትኛው እንደሆነ ማንም አይለይም፤ የመዝገብ ውሕደት ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር ራሱን እንደ ያዘ ይወጣል። ሦስት ሺህና ሁለት ሺህ ብታስገባ አምስት ሺህ ይወጣል። ማዋሐድ ብቻውን ማንንም አያጠፋም።

እንዲያጠፋ ከፈለግህ ሌላ አንድ መስመር መጨመር አለብህ። በእኛ ማሽን «ሰም ፊልድስ ኖን» ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙ፣ መለያቸው አንድ የሆነ መስመሮች ሲገናኙ ምንም ሳትደምር አንዱን ብቻ አስቀር ነው። የትኛው ይቀራል? የመጀመሪያው እንዲሆን ከፈለግህ ለብቻው ማዘዝ አለብህ፤ ካላዘዝህ የትኛው እንደሚቀር መመሪያው ራሱ ዋስ አይሆንልህም። መለያው ምን ይሁን የሚለውንም የምትወስነው አንተ ነህ። ከዚህኛው ፊደል እስከዚያኛው ፊደል ድረስ ያለውን ተመልከት፣ ሌላውን አትይ ትለዋለህ፤ አያይም።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልግባ።

የ1977ቱ ድርቅ ሲነሣ ሰው ወሎንና ትግራይን ያስባል፤ የይፋት ቆላም ከዚያ አልቀረለትም ነበር። በተከታዩ ዓመት ዝናቡ ሲመለስ ገበሬው መሬት አለው፣ ጉልበት አለው፣ ዘር ግን በልቶታል። ስለዚህ ዘር ይታደል ተባለ። ሁለት መዝገብ ወደ እኛ መጣ። አንደኛው ከገበሬ ማኅበራቱ፣ ሁለተኛው እርዳታ ይሰጥ ከነበረባቸው ጣቢያዎች። ስሞቹን የመዘገቡት ልጆች በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱ ጆሮው እንደሰማው ጻፉ። መሐመድን አንዱ በሁለት ኤም፣ ሌላው በሦስት ኤም ይጽፈዋል። ሰይድ አንዴ በኤ፣ አንዴ በኢ፣ አንዴም በዋይ ይመጣል። ለስም የተመደበው ቦታ ሃያ ፊደል ብቻ ስለሆነ አያት ሲታከል ከመስመሩ ወጥቶ ይቆረጣል። እኔ መለያ አድርጌ የመረጥሁት ይህንኑ ሃያ ፊደልና የገበሬ ማኅበሩን ቁጥር ነው።

አለቃዬ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም። «በሁለቱም መዝገብ የገባ ሰው አለ፤ ዘሩ ደግሞ ልክ ነው፤ ሁለት ጊዜ እንዳይወስዱ አድርግ» አለኝ። ያችን መስመር ጨመርሁ። ሲያልቅ ወረቀቱን አየን፤ ከገቡት መስመሮች አርባ አንዱ አልወጡም። «አርባ አንድ ሌባ!» አለ አለቃዬ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ያን ዕለት ማታ የበላሁት እራት እንኳ ትዝ ይለኛል።

በዓመቱ ለጥምቀት ወደ እናቴ ወረድሁ። ከበዓሉ በኋላ አንድ አጠር ያሉ ገበሬ ለእናቴ ሽንኩርት ይዘውላት መጡ፤ ደንበኛዋ ናቸው። ልጅሽ የመንግሥት ሠራተኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አንድ ነገር ይጠይቅልኝ አሏት። አጠገባቸው ተቀመጥሁና ስማቸውን ጠየቅሁ።

«መሐመድ አሕመድ» አሉ። «አምና ዘር ሲታደል ሄድሁ ልጄ። መሐመድ አሕመድ ወስዷል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ወስዷል። እኔ ግን አልወሰድሁም።»

ወዲያው ገባኝ። ምራቄ ደረቀ። «በማኅበራችሁ ስምዎን የሚጋራ ሰው አለ እንዴ?» አልሁ፤ እንዳለ እያወቅሁ።

«አለ እንጂ! የወንዝ ማዶው መሐመድ። የሱ አያት ይማም ነው፤ የኔ ይመር ነው።»

«ሰው አያምታታችሁም?»

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። «ኧረ ልጄ! እሱ እንደ ግራር የረዘመ ነው፣ እኔን ታየኛለህ። የሱ እናት የጎዜ ሰው ናት፣ የኔ የዚሁ። እንኳን እኛ ላሞቻችን አይምታቱም!»

ከዚያ የሆነውን ነገሩኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። አዳዩ ወረቀቱን እያሳየ፣ ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፣ ፊርማም ተፈርሞበታል ይላል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉም የተጻፈው እውነት ነው። የኔን ድርሻ ወሰደ ብለው የወንዝ ማዶውን መሐመድ ለሽማግሌ ከሰሱት። ያም በአላህ ስም ምሎ የወሰድሁት የራሴን ነው አለ፤ እሱም እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ ጠፋባቸው። በመጨረሻ ያኛው መሐመድ፣ ምንም ሳይበደል ተበድሎ፣ ከዘሩ ሁለት ቁና ማሽላ ሰፍሮ ሰጣቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን የማሽላው ወቅት አልፏል። በኋለኛው ዝናብ ቶሎ የሚደርስ ማሾ ዘሩና ዓመቱን እንደምንም ገፉት።

«እንግዲህ አንተ ጠይቅልኝ፤ ማን ነው ሁለታችንን አንድ ያደረገን?» አሉኝ።

«እጠይቃለሁ» አልሁ።

አልጠየቅሁም። ማንን እጠይቃለሁ? እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ ሽንኩርታቸው ከፊቴ ተቀምጦ፣ እናቴ ቡና እያፈላች፣ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። አዲስ አበባ ስመለስ ቢያንስ የቀሩትን አርባውን ላጣራ ብዬ ቴፑን ፈለግሁ። ቴፕ ውድ ስለነበር ሥራው ሲያልቅ ሌላ ይጻፍበታል፤ ሌላ ተጽፎበት አገኘሁት። ያወጣነው ወረቀት ያለፉትን እንጂ የተጣሉትን አይናገርም። ከአርባ አንዱ ስንቱ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ሰው፣ ስንቱ አንድ ጊዜ የተቆጠሩ ሁለት ሰዎች እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያጠፋሁት ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ማጥፋቴን የማውቅበትንም መንገድ ነበር። ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል፤ ይቅርታ የምጠይቃቸው የለም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው መዝገብ፣ በዚያው ሌሊት፣ ሰይድ በኤ እና ሰይድ በኢ ሁለት ሰው ሆነው አልፈዋል። ምናልባት አንድ ሰው ነበሩ፤ ምናልባት ያ ሰው ሁለት ጊዜ ወስዷል። የዚህ ዓይነቱ ሰው ግን ወደ እናቴ ቤት ሽንኩርት ይዞ አይመጣም። ይህን ለረጅም ጊዜ አላስተዋልሁትም ነበር። ማሽኑ ሁለቱንም ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ አንዱን ሁለት ያደርጋል፣ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። አቤቱታ የሚመጣው ግን ከአንደኛው ወገን ብቻ ነው፤ ያም ሲመጣ በመዝገቡ ላይ ስለሌለ አቤቱታውን የሚቀበለው አያገኝም።

አለቃዬን ልከራከርለት፤ ለራሱ መናገር አይችልምና። ዘሩ ልክ ነበር። አንዱ ሁለት ጊዜ ቢወስድ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ የሚደርስ አንድ የመጨረሻ ሰልፈኛ ይኖራል፤ እሱም ሰው ነው፣ እሱም ልጆች አሉት። እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ብላክስቶን አንድ ንጹሕ ሰው ከሚሠቃይ አሥር ወንጀለኞች ቢያመልጡ ይሻላል ብሏል ይባላል። ለፍርድ ቤት ይህ ያማረ አባባል ነው፤ ምክንያቱም ወንጀለኛ ሲያመልጥ የሌላውን ዳቦ ይዞ መሄዱ ዳኛው ፊት አይታይም። መጋዘን ጠባቂ ግን እንዲህ ማለት አይችልም። ለእሱ አሥር ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ወሰደ ማለት አሥር ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ ማለት ነው። ታዲያ የትኛውም ስሕተት አንድን ሰው የሚያስርብ ከሆነ የኔ ስሕተት ከዚያኛው የሚከፋው በምንድን ነው?

ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። በመጠን አይከፋም ይሆናል። ባዶ መጋዘን የደረሰው ሰልፈኛ ግን ስሙ ተጽፎለታል። ተራዬ ነው፣ አልደረሰኝም ማለት ይችላል፤ የሚያየው ሁሉ የጎደለው እህል መሆኑን ያውቃል። ለሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። አጭሩ መሐመድ ግን አልደረሰኝም ሲሉ «ደርሶሃል» ተባሉ። ድርሻቸውን ብቻ አይደለም የተነጠቁት፤ በሌላ ሰው አፍ ተመስክሮባቸው፣ በሌላ ሰው ጣት ተፈርሞባቸው ነው። ከእህል በላይ መኖራቸው ነው የተካደው። ከዚያም ክህደቱ ወደ መንደር ወርዶ ሁለት ጎረቤታሞች እውነት እየተናገሩ ተካሰሱ። ዘር ማነስ ይህን አያደርግም።

ላይብኒትዝ የሚባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በምንም ነገር የማይለያዩ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም፣ በሁሉም አንድ ከሆኑ ሁለት ሳይሆኑ አንድ ናቸው ይላል። (ይህ ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ግእዝና አማርኛ ከተማረው ከሉዶልፍ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ እንደነበር ሳውቅ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።) የፈላስፋው ቃል ኃይሉ «በሁሉም» የምትለው ላይ ነው። እኔ ሌሊቱን የሠራሁት የላይብኒትዝን ሕግ ይዤ «በሁሉም» የሚለውን በሃያ ፊደል መተካት ነው። ሃያ ፊደል ያልኋት እኔ ነኝ፤ ቴፕ ለመቆጠብ። አጭሩና ረጅሙ መሐመድ የተለያዩባቸው ነገሮች ሁሉ፣ አያታቸው፣ እናታቸው፣ ቁመታቸው፣ ወንዙ፣ ከሃያኛው ፊደል ወዲያ ነበሩ።

የበለጠ የሚያስገርመኝ ግን ይህን ችግር ከሜይንፍሬሙ ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ያወቁት የእነ መሐመድ የራሳቸው ሊቃውንት መሆናቸው ነው። በባግዳድ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ1071 ያረፈው ኸጢብ አል ባግዳዲ የሐዲስ አስተላላፊዎችን የሚመለከቱ ብዙ መጻሕፍት ጽፏል። ከእነዚህ አንዱ ስማቸው አንድ ሆኖ ማንነታቸው የተለያየ ሰዎችን የሚመለከት ነው። ሌላው ርእሱ ራሱ በማዋሐድና በመለየት ስለሚደርሱ ስሕተቶች ይናገራል። አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ያደረጉ ሊቃውንትን ስሕተት እየለቀመ ያርማል፤ ታላላቆቹንም ሳይፈራ። ለምን ይህን ያህል ደከመ ቢሉ፣ የማይታመን አስተላላፊ ከታመነው ሞክሼው ጋር ከተዋሐደ ሐሰት እውነት ሆኖ ያልፋል፤ ታማኙ ከማይታመነው ጋር ከተዋሐደ ደግሞ እውነት ይጣላል። የሚለዩበትም መንገድ ስም አይደለም። ከማን ተማረ፣ ማንን አስተማረ፣ የት ኖረ፣ መቼ ሞተ ብለው ነው። የሸዋ ሮቢቱ ሽማግሌ እናቴ የዚህ፣ የሱ እናት የጎዜ ሲሉኝ የተናገሩት ይህንኑ ጥበብ ነው። ሰውን የሚለየው በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የላቲን ፊደል ነው ያጠፋን የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሰንጠረዥ ገብቷል፤ ዛሬ መሐመድን በራሱ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ግን በየትኛው ሐ? በሐመሩ ነው በሃሌታው? ጸሐይ በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ? ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለማሽኑ የተለያየ ቁጥር ነው። የፊደል ሙግት ስንገጥም የኖርን ሕዝብ ነንና ሁለት ጸሐፊ አንድ ስም በአንድ ዓይነት ይጽፋል ብዬ ተስፋ አላደርግም።

አሁን ደግሞ ፋይዳ መጥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ሥርዓቱ ስም አይቶ አይፈርድም፤ የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዐይን ብሌን፣ የፊትን ምስል ይወስድና ይህ ሰው ከዚህ በፊት ተመዝግቧል ወይ ብሎ ያመሳክራል። ጥሩ ነገር ነው፤ በ1978 ቢኖር ኖሮ ሁለቱ መሐመዶች ሁለት ሆነው ይቀሩ ነበር። ነገር ግን ማመሳከር እንደ ፊደል አዎና አይደለም ብቻ አይመልስም፤ ይህን ያህል ይመሳሰላል ይላል። ምን ያህል ሲመሳሰል አንድ ሰው ነው እንበል የሚለውን ልክ አሁንም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይወስነዋል። ሽንኩርት ሲኮተኩት የኖረ ገበሬ ጣት ደግሞ መስመሩ ስለሚፋቅ መሣሪያውን ያስቸግራል። ይህን የምለው ሥራውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ተመዝግቤአለሁ። ያቺ «ኖን» የምትል ቃል የጠፋች እንዳይመስለን ነው። ቦታዋን ለውጣለች እንጂ አለች።

ወደ ስልኩ ልመለስ።

«አዎ አትበዪው» አልኋት ለእህቴ ልጅ። «የሚያጠፋውን አስቀድሞ ያሳይሽ። ስንት ናቸው?»

«ስድሳ ሦስት።»

«አትሚያቸው። የእናታቸውንና የአያታቸውን ስም፣ ከየትኛው መንደር እንደመጡ፣ ጎረቤታቸው ማን እንደነበር ጠይቂ።»

«ጋሼ፣ ዝርዝሩን ነገ ጠዋት ነው የሚፈልጉት እኮ! አሁን መሽቷል።»

ታሪኩን ያን ጊዜ ነገርኋት። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። የሽማግሌውን ነገር ስነግራት አላቋረጠችኝም፤ ሽንኩርቱን ስጠቅስ «እማማ ቤት?» አለች፤ አዎ እማማ ቤት አልኋት። ከዚያ ሁለት ጓደኞቿን ቀስቅሳ፣ በስልክ መብራት እያዩ ተፈናቃዮቹ ያደሩባቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ አንኳኩ። የተቆጣቸውም ነበረ፤ በሌሊት የእናትህ ስም ማነው ብሎ ሰውን መቀስቀስ የሚያስቆጣ ነገር ነው። አንዷ ሴትዮ ምን አጠፋሁ ብላ ተንቀጠቀጠች አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ደወለች። ድምፅዋ ጎርንኗል። ከስድሳ ሦስቱ አብዛኞቹ በእርግጥ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነው፤ አንዳንዶቹ ሳያውቁ፣ አንዳንዶቹ እያወቁ። አሥራ አራቱ ግን ሁለት ሁለት ሰው ናቸው። ስድስቱን ፈልጋ አላገኘቻቸውም፤ ወደ ዘመድ ቤት ሄደው ይሁን፣ ከመጀመሪያውም የሉ ይሁን፣ የሚያውቃቸው ጠፋ።

«እነዚህን ስድስቱንስ ምን ላድርጋቸው?» አለችኝ።

«ሁለቱንም መስመር ተያቸው» አልኋት።

«ሁለት ጊዜ ቢወስዱስ?»

«ይውሰዱ። ከጎናቸው ያልተገኙ ናቸው ብለሽ ጻፊ፤ ስምሽንም ጻፊበት።»